የዋልያዎቹ ማልያ ከስታዲየም ሱቆች፦ ጨርቁ፣ ስፌቱና ደረቱ ላይ የሚለጠፈው ዓርማ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድንን ማልያ መሐል አዲስ አበባ ላይ ለመግዛት ብዙ መዞር አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያና ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች አረንጓዴውን ማልያ ይይዛሉ፤ ነገር ግን ጠይቆ ማስወጣት ያስፈልጋል። በየበሩ ላይ ተሰቅለው መንገደኛውን የሚጠሩት የአርሰናል፣ የማንችስተር ዩናይትድ፣ የሊቨርፑልና የሪያል ማድሪድ ማልያዎች ሲሆኑ፣ የአገሪቱ ማልያ እኔ በገባሁበት ሱቅ ከውስጥ በኩል፣ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ በላስቲክ እንደታሸገ ተቀምጦ ነበር። ይህን ግምገማ የምጽፈው ማልያውን ገዝቼ፣ ለብሼ፣ አጥቤና እንደገና ለብሼ ካየሁት በኋላ ነው። ሱቁን በስሙ የማልጠራው የማነሣቸው ጉድለቶች የአንድ ነጋዴ ብቻ ስላልሆኑ ነው።

የገዛሁት ማልያ ተጫዋቾቹ ለብሰውት ሜዳ የሚገቡት ዓይነት አይደለም፤ ገበያው «ኮፒ» የሚለው፣ ለደጋፊ የሚሸጠው ነው። ሻጩ በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ትሑት ወጣት ሲሆን፣ ይህንን ሳልጠይቀው በግልጽ ነግሮኛል። 1,200 ብር ብሎ ጀምሮ በ1,000 ብር ተስማማን። እዚያው ሱቅ ውስጥ በጨርቅም በስፌትም ከዚህ የማይሻል የእንግሊዝ ክለብ ማልያ 1,500 ብር ሲሸጥ አይቼ የልዩነቱን ምክንያት ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ የዚያኛው ፈላጊ ዓመቱን ሙሉ አለ። የዋልያዎቹን የሚጠይቀኝ ሰው የሚመጣው ጨዋታ ሲደርስ ነው፤ አሁን ደግሞ ጨዋታውም እዚህ አይደረግም» አለኝ። ስለ ልብሱ የምጽፈው አብዛኛው ነገር ከዚህ መልስ ጋር የተያያዘ ነው።

ጨርቁን በተመለከተ ፍርዴ በጎ ነው። ስስ ፖሊስተር ነው፤ ላብ አይዝም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በቀን ፀሐይ አያፍንም፤ ምሽት ላይ ግን ጃኬት ካልተደረበበት ብርድ ያስገባል። በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ስላጠብኩት አረንጓዴው ቀለም አልለቀቀም፤ ቢጫው ኮሌታም እንደነበረ ነው። የጎኑና የትከሻው ስፌት ድርብ በመሆኑ ጠንካራ ነው፤ የእጅጌው ጫፍ በአንድ ክር ብቻ የታጠፈ ስለሆነ ግን መፈታት ጀምሯል፤ ይህን የሰፈር ልብስ ሰፊ በቀላሉ ያስተካክለዋል። ልኩ ጠበብ ስለሚል ኤል የሚለብስ ሰው ኤክስ ኤል ቢወስድ ይሻለዋል። ትልቁ ድክመት ያለው ደረቱ ላይ ነው። የፌዴሬሽኑ ዓርማ ጥልፍ ሳይሆን በሙቀት የተለጠፈ ነው፤ ከታጠበ በኋላም ጠርዙ መነሣት ጀምሯል። በቀረው የልብሱ ክፍል ላይ የታየው ጥንቃቄ እዚህ ሲደርስ ማለቁ ያሳዝናል፤ ሰው ይህን ማልያ የሚገዛው ለዚያች ዓርማ ብሎ ነውና።

ሻጩ ማልያውን ከላስቲኩ እንዳወጣ በመጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ልኬ አልነበረም። «እጅጌው ላይ ባንዲራ ይለጠፍ? የሚለጠፍ ከሆነስ ባለ ኮከቡ ይሁን ልሙጡ?» ነበር ያለኝ። ሁለቱም አሉት፤ ባለ ኮከቡ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቷል፣ ልሙጡ ከባንኮኒው ሥር ነው የሚወጣው። በሕግ የታወቀው ባለ ዓርማው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 በአረንጓዴው፣ በቢጫውና በቀዩ መሐል ብሔራዊ ዓርማ እንዲኖር ደንግጎ፣ ዓርማው ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንዲሁም ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ እንደሚያንጸባርቅ ይገልጻል፤ የ2001ዱ የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654 ደግሞ ሰንደቅ ዓላማውን ያለ ዓርማው መጠቀምን ይከለክላል። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ፣ ልሙጡን ከአያቶቻቸው የተረከቡት አደራ አድርገው የሚያዩ ዜጎች ብዙ ናቸው፤ በዚያው ልሙጥ ባንዲራ ውስጥ የአያቶቻቸው ቋንቋና ስም የተናቀበትን ዘመን የሚያዩ ዜጎችም እንዲሁ ብዙ ናቸው። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያና በ2011 ዓ.ም. መባቻ፣ ከስደት የሚመለሱ የፖለቲካ ድርጅቶችን ለመቀበል ከተማዋ ስትዘጋጅ፣ ወጣቶች በመንገድ ጠርዝና በመብራት ምሰሶ ላይ የትኛው ቀለም ይቀባ በሚል መጋጨታቸውን የአዲስ አበባ ነዋሪ አይረሳውም። የካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ የዓድዋን ድል ለማክበር ወደ ምኒልክ አደባባይ የወጣውን ሕዝብ ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስ በትኖታል። አንድ ወጣት ነጋዴ ለአንድ ደንበኛ ማልያ ሲሸጥ በጥንቃቄና በዝቅታ ድምፅ የሚጠይቀው ይህ ሁሉ ከጀርባው ስላለ ነው።

እኔ በሕግ የታወቀውን አስለጥፌ ሰዎች አብዝተው የሚፈልጉት የትኛውን እንደሆነ ስጠይቀው ያልጠበቅሁትን መልስ ሰጠኝ። «ከሁሉም ይበልጥ የሚሄደው ምንም ያልተለጠፈበት ነው። ከማንም ጋር አያጣላም፤ ታክሲ ውስጥም፣ መሥሪያ ቤትም፣ ክፍለ ሀገርም ይለበሳል» አለኝ። ስለ ማልያው ከሰማሁት ሁሉ እጅግ ያሳዘነኝ ይህ ነው። የብሔራዊ ቡድን ደጋፊ፣ ቡድኑን መደገፉን ሳይተው፣ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ግን ለደኅንነቱ ሲል ከእጅጌው ላይ እንዲቀር ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ሰው በፍርሃት አልወቅሰውም፤ ሰላም ፈላጊ ነው፣ ማልያውንም ገንዘቡን ከፍሎ ገዝቷል። ወቀሳው የሚገባው ሰንደቅ ዓላማን የወገን መለያ አድርገው ለዓመታት ለተሟገቱበትና ላሟገቱበት፣ በየትኛውም ጎራ ላሉ የፖለቲካ መሪዎች ነው።

ከሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚታየው ስታዲየም ሌላ ታሪክም አለው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዚህ ሜዳ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን አንሥታለች። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ የትውልድ ከተማው አሥመራ። በዚያ ቀን እሱም ወንድሙ ኢታሎም ግብ አስቆጥረዋል፤ መንግሥቱ ወርቁም አስቆጥሯል። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር በ1949 ዓ.ም. የመሠረተችውን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሰው ናቸው። አሥመራ ዛሬ የሌላ አገር ርዕሰ ከተማ ናት። የኢትዮጵያን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያሳየው ሰው ዛሬ ቢወለድ ይህን ማልያ ይለብስ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ያ ዘመን የራሱ ጭቆናና የራሱ ጦርነት የነበረበት መሆኑን ሳልዘነጋ፣ በሜዳው ላይ የተሰለፈው ቡድን ግን ዛሬ ከምናስበው የሰፋ ኢትዮጵያዊነት እንደነበረው አምናለሁ።

በእኔ ትውልድ ዘንድ የዚህ ማልያ ትልቁ ቀን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ግቦች 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። በስታዲየሙ ውስጥ ከካታንጋና ከሚስማር ተራ እስከ ጥላ ፎቅ መቀመጫ ያለው ሰው አንድ ላይ ያለቀሰበት ቀን ነበር፤ ከመስቀል አደባባይ እስከ ፒያሳ መንገዱ በሕዝብ ተሞልቶ፣ ማንም የማንንም ብሔር ሳይጠይቅ ሲተቃቀፍ አምሽቷል። ያን ምሽት ያየ ሰው አንድ አገር መሆን የሚለብሱት፣ የሚነኩትና በጩኸት የሚገልጹት ነገር እንደሆነ ያውቃል። ሻጩ በዚያን ጊዜ ልጅ ነበር፤ ሱቁን የሚሠሩት አባቱ ሳላዲን፣ አዳነ፣ ጌታነህ እያሉ ስም ሲያትሙ ሌሊቱን ያነጉ እንደነበር እንደሚተርኩለት ነግሮኛል። ቡድኑ በጥር ወር ደቡብ አፍሪካ ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን 1 ለ 1 ቢይዝም፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ከምድቡ ተሰናበተ። በዓመቱ ጥቅምት ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ ናይጄሪያ እዚሁ አዲስ አበባ መጥታ 2 ለ 1 አሸነፈች፤ በመልሱም 2 ለ 0 ደገመች። ያን ጊዜ የተሸነፍነው እንደ አንድ ሕዝብ ነበር፤ ቁጭቱም የሁላችን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ ላንሣው። በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ቡድኑ እንደገና ለአፍሪካ ዋንጫ ቢበቃም በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በአስተናጋጇ 4 ለ 1 ተሸንፎ፣ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጥቶ ተመለሰ፤ ቀጥለው የመጡትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎችም ከቤት ሆነን ተመለከትን። የአገሪቱ ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላታቸው ቡድኑ «በሜዳው» የሚያደርጋቸውን ጨዋታዎች በሰው አገር ማድረግ ጀመረ፤ በኅዳር 2014 ከጋና ጋር ጆሃንስበርግ ላይ፣ በኋላም ኤል ጀዲዳና ዳሬ ሰላም ላይ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ ውስጥ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። በዓባይ ጉዳይ ከግብፅ ጋር በምንወዛገብበት በዚያ ወቅት፣ ጦርነትም አገሪቱን እየከፋፈላት ሳለ፣ ሁሉንም ሊያስደስት የሚችለው ያ ድል በአዲስ አበባ ስታዲየም ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ የመስቀል አደባባይ ምሽት ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም። የቀረብንን ያን ምሽት ማንም ሊተካው አይችልም።

የአገር ውስጥ ውድድሩም ለዚህ ማልያ የሚሆን ደጋፊ ማፍራት አልቻለም። በ2010 ዓ.ም. በወልድያ ከተማና በመቀለ ከተማ ጨዋታ ሳቢያ ወልድያ ላይ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ከዚያ በኋላ የክለብ ስም የአካባቢ ስም፣ የአካባቢ ስም ደግሞ የጠላትነት ስም እየሆነ ሄደ። በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት የትግራይ ክለቦችን ከፕሪሚየር ሊጉ ለይቶ፣ እስከ 2017ቱ የውድድር ዘመን ድረስ አርቋቸዋል። በሌላ በኩል ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ጨዋታዎቹ በየተራ በተመረጡ ከተሞች ስለሚካሄዱ፣ አብዛኛው ክለብ አብዛኛውን ዓመት ከደጋፊው ርቆ ይጫወታል። ብሔራዊ ቡድኑ ከአገሩ ውጭ፣ ክለቡም ከከተማው ውጭ ሲጫወቱ ያደገ ልጅ ማልያ ለብሶ የሚሄድበት ሜዳ አልነበረውም። በበሩ ላይ የአርሰናል ማልያ ለምን እንደሚሰቀል ለማወቅ ከዚህ የተለየ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ልጁ አርሰናልን በየሳምንቱ ያየዋል።

ማልያውን ለብሼ በቀላል ባቡር ተሳፍሬ ወደ ሥራ ሄጃለሁ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ካፌም ማኪያቶ ጠጥቼበታለሁ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አስተናጋጇ «ዛሬ ጨዋታ አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ባቡር ውስጥ ከጎኔ የቆሙ ሽማግሌ ደግሞ መንግሥቱ ወርቁን በዓይናቸው ማየታቸውን እስከ መውረጃቸው ድረስ አጫወቱኝ። ወጣቶቹ ግን አይተው ዝም አሉ። ከሽንፈቱ ይልቅ እኔን የሚያመኝ ሽንፈቱ የማይቆጨው ሰው እየበዛ መሄዱ ነው፤ ቡድኑ ሲሸነፍ የሚናደድ ሰው ገና የእሱ እንደሆነ ያምናል፣ ውጤቱን ሳይጠይቅ የሚያልፈው ግን ተስፋውን ቀደም ብሎ አስቀምጦ ወጥቷል።

ስለ ሱቁ አገልግሎት ጥቂት ልበል። ወጣቱ ታጋሽ ነው፤ ልክ አስሞክሮኛል፣ ስጠይቀው ደረሰኝ ሰጥቶኛል፣ ካልተለበሰና ካልታተመበት ልክ መቀየር እንደሚቻልም ነግሮኛል። በዞርኩባቸው ሱቆች ግን ዓርማው በጥልፍ የተሠራ፣ ፌዴሬሽኑ ያረጋገጠው መሆኑ በግልጽ የተጻፈበት የደጋፊ ማልያ አላገኘሁም። ፌዴሬሽኑ እንዲህ ያለ ማልያ በዚሁ ስታዲየም ዙሪያ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲሸጥ ቢያደርግ ገቢውም ይጨምር ነበር፣ ደጋፊውም ገንዘቡ ለቡድኑ መድረሱን አውቆ ይገዛ ነበር። አሁን ባለው ሁኔታ የምንከፍለው ብር ለነጋዴው እንጂ ለቡድኑ አይደርስም።

ከኋላ በኩል ስለሚታተመው ስምም ጠይቄአለሁ። ዛሬ የተጫዋች ስም የሚያሳትም ደንበኛ እንዳነሰ፣ አብዛኛው ሰው የራሱን ወይም የልጁን ስም እንደሚመርጥ ሻጩ ነገረኝ። አንዳንድ ወላጆች ግን ስሙን ካጻፉ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው «ቁጥር ብቻ ይሁን» ይሉታል፤ ስሙ ልጁ ከየት እንደመጣ እንዳይናገርበት ብለው። እኔ ስጋታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን በዚህ አልተስማማሁም። ቶሎሳም፣ ሐጎስም፣ ከድርም፣ አበበም፣ ኡጁሉም በአንድ አረንጓዴ ጀርባ ላይ ተጽፈው ከታዩ ማልያው ሥራውን ሠርቷል፤ ቡድኑ ባይሠራም እንኳ።

ስለዚህ ግዙት እላለሁ። ለአዋቂ አንድ ልክ ከፍ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ የእጅጌውን ጫፍ ከመክፈላችሁ በፊት ሳብ አድርጋችሁ እዩት፣ በሙቅ ውሃ አትጠቡት፣ ዓርማው ላይ ካውያ አታሳርፉ፤ ዓርማው ከተነሣ ስታዲየም አካባቢ ያሉ ጥልፍ ሠሪዎች በጥልፍ ሊተኩላችሁ ይችላሉ። የልጆች ልክ በ700 ብር ይገኛል፤ ስፌቱም ከአዋቂው የተሻለ ነው። ስም ማሳተም 150 ብር ያስጨምራል፤ ፊደሉ በአማርኛም በላቲንም ይታተማል፣ ከታጠበም በኋላ አይላጥም። እኔ ለእህቴ ልጅ የገዛሁለት ላይ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ አሳትሜበታለሁ።